የድምፅ ልክና የጉርብትና ሕግ
ለቤት ባለቤቶች፥ ለተከራዮችና ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

በአዲስ አበባ፥ ከዋናው ጎዳና ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ መንደር ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት አለ እንበል። ቤቱ የአንድ ሽማግሌ ንብረት ሲሆን፥ ወፍጮውን የሚያሠራው ግን ቤቱን በወር ኪራይ የያዘ ነጋዴ ነው። ነጋዴው ትጉህ፥ ዱቄቱ የማይጠረጠር፥ ሚዛኑም የታመነ ነው። ነገር ግን ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ኀይል እየተቋረጠ ሥራው ስለ ተስተጓጎለበት፥ ወፍጮውን ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ማስነሣት ጀመረ። ከአጥሩ ማዶ የምትኖር አንዲት እናት ጥቂት ሳምንታት ከታገሠች በኋላ ወደ ነጋዴው ዘንድ መጥታ፥ «ጋሼ፥ ሥራዎን የሚጠላ የለም፤ ዱቄቱንም የምንወስደው እኛው ነን። ነገር ግን ልጆቼ ሌሊት እንቅልፍ አጥተው በትምህርት ቤት እያንቀላፉ ተቸገርሁ» አለችው። ነጋዴውም፥ «እውነትሽን ነው፥ እኅቴ፤ ግን መብራት ቀን እየጠፋ ማታ ካልፈጨሁ፥ የሠራተኞቼን ደመወዝ ከምን አምጥቼ እከፍላለሁ?» ሲል መለሰላት። ሁለቱም ተያይዘው ወደ ቤቱ ባለቤት ቢሄዱ፥ ሽማግሌው፥ «እኔ ያከራየሁት ቤት ነው እንጂ ድምፅ አይደለም» ብለው ከነገሩ ወጡ።

እነዚህ ሦስት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ሦስቱም ያላወቁት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ስለ ድምፅ የተጻፈ ሕግና በቍጥር የተወሰነ ልክ መኖሩ ነው። ልኩን ቢያውቁ ኖሮ እናቲቱ የምትጠይቀውን፥ ነጋዴው የሚያስተካክለውን፥ ባለቤቱም በውል ላይ የሚያሰፍረውን ለይተው ያውቁ ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ትምህርት ዓላማው ይህን ልክና ሕግ በሥራ ላይ እንዲውል አድርጎ ማስረዳት ነው።

1ኛ. ሕጉ የሚገኝበት ስፍራ

ብዙ ሰው ስለ ድምፅ የሚናገር ሕግ በቅርቡ የመጣ እንግዳ ነገር ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ በ1225ኛው አንቀጽ ላይ የንብረት ባለቤት የሆነ ሰው በጎረቤቱ ላይ ሁከት ወይም ጉዳት እንዳያደርስ ይከለክላል። ጢስን፥ ጥላሸትን፥ መጥፎ ሽታን፥ ድምፅንና ንዝረትን በስም እየጠራ፥ እነዚህ ነገሮች ከመልካም ጉርብትና ወሰን እንዳያልፉ ያዛል። ወሰኑም በሚመዘንበት ጊዜ የአካባቢው ልማድ፥ የቦታው አቀማመጥና ጠባይ እንዲታይ ያደርጋል።

ይህ አነጋገር በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። ሕጉ ድምፅን ፈጽሞ አልከለከለም፤ ድምፅ የሌለው ከተማ የሞተ ከተማ ነውና። የከለከለው ከመልካም ጉርብትና የሚያልፈውን ነው። የአካባቢ ልማድም እንዲታይ ማዘዙ፥ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ድንኳን ተጥሎ የሚሰማው ድምፅና በየሌሊቱ ሳያቋርጥ የሚጮኸው ሞተር በአንድ ሚዛን እንዳይመዘኑ ነው። የመጀመሪያውን ጎረቤት ራሱ መጥቶ ይካፈለዋል፤ ሁለተኛው ግን ማለቂያ የለውም።

ከፍትሐ ብሔር ሕጉ በኋላ፥ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ ላይ ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደነገገ። ይህንም ተከትሎ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300/1995፥ ስለ ውኃና ስለ አየር ብቻ ሳይሆን ስለ ድምፅም የከፍተኛ መጠን ደረጃ እንዲወጣ አዘዘ። በወንጀል ሕጉም በኩል፥ የሌላውን ሰው ሥራ ወይም ዕረፍት በጩኸት ማወክ በደንብ መተላለፍ ክፍል ውስጥ የሚያስቀጣ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ስለ ድምፅ የተጻፈው ሕግ በአራት ስፍራ ተበትኖ ይገኛል ማለት ነው፤ የጉርብትናው በፍትሐ ብሔር፥ የመብቱ በሕገ መንግሥት፥ የመጠኑ በአዋጁ፥ የቅጣቱ ደግሞ በወንጀል ሕግ ነው።

2ኛ. ልኩ ስንት ነው?

የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው የደረጃ መመሪያ፥ የከተማ ቦታ በሦስት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ የቀንና የሌሊት የድምፅ ልክ ተሰጥቶታል። መለኪያው ዴሲቤል ይባላል። ልኩም እንደሚከተለው ነው፤

በኢንዱስትሪ ቦታ፥ ቀን 75 ዴሲቤል፥ ሌሊት 70 ዴሲቤል፤
በንግድ ቦታ፥ ቀን 65 ዴሲቤል፥ ሌሊት 55 ዴሲቤል፤
በመኖሪያ ቦታ፥ ቀን 55 ዴሲቤል፥ ሌሊት 45 ዴሲቤል።

በዚህ መመሪያ መሠረት ቀን የሚባለው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ሲሆን፥ ሌሊት የሚባለው ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት ያለው ነው። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው ወፍጮ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት ድምፅ ቢሠራም፥ በሕግ ዓይን ግን ሁለት ልዩ ልዩ ሥራ እንደ ሠራ ይቈጠራል።

ስለ ሰዓት ክፍፍል ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ ቢባል፥ ከጥንት ታሪክ አንድ ምሳሌ ማምጣት ይቻላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ገደማ በሮም ከተማ ጋሪዎች በቀን ጊዜ ወደ ከተማው እንዳይገቡ በሕግ ታግዶ ነበር። ዓላማው የመንገዱን መጨናነቅ ለማቃለል ነበር፤ ውጤቱ ግን ጋሪው ሁሉ ሌሊት መግባት ጀመረና የከተማው ሰው እንቅልፍ አጣ። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ ዩቨናል የተባለው የሮም ባለቅኔ ስለ ሌሊቱ ጫጫታ አማርሮ ጽፏል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ድምፅን ከቀን ወደ ሌሊት ማሻገር ድምፅን መቀነስ አለመሆኑ ነው። የወፍጮው ነጋዴም ሳያስበው ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የመብራትን ችግር ወደ ጎረቤቱ እንቅልፍ አሻገረው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ፥ በመኝታ ክፍል ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ሌሊት ከ30 ዴሲቤል፥ በትምህርት ክፍል ውስጥ ደግሞ በትምህርት ጊዜ ከ35 ዴሲቤል ባይበልጥ መልካም መሆኑን አሳስቧል። መስኮቱ በከፊል ተከፍቶ በመኝታ ክፍሉ 30 ዴሲቤል እንዲገኝ፥ በውጭ ያለው ድምፅ ከ45 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም። የመኖሪያ ሰፈር የሌሊት ልክ 45 መሆኑ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ይህ ቍጥር ለነጋዴ ቅር የሚያሰኝ ቢመስልም፥ አንድ ሕፃን መስኮቱ ገርበብ ብሎ የሚተኛበት ልክ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ሌላው ችግር የሰፈር ቅይጥነት ነው። በከተማችን ብዙ ሕንፃ ከታች ሱቅ፥ ከላይ መኖሪያ ነው። ባለሱቁ «ይህ የንግድ ቦታ ነው» ሲል፥ ከላይ ያለው ቤተሰብ «ይህ መኖሪያ ነው» ይላል። እንዲህ ባለ ስፍራ አስተዋይ ነጋዴ የሚከተለው ጥብቁን መስመር ነው። ምክንያቱም በመኖሪያው ልክ የሠራ ሰው በንግዱም ልክ ከወቀሳ ይድናል፤ በንግዱ ልክ ብቻ የሠራ ግን በመኖሪያው ልክ ሊጠየቅ ይችላል።

3ኛ. ዴሲቤል እንዴት ይቈጠራል?

ዴሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር አይደመርም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ላይ ነው። እያንዳንዳቸው 60 ዴሲቤል የሚሰጡ ሁለት ጀነሬተሮች አብረው ቢሠሩ ድምፃቸው 120 አይሆንም፤ 63 ብቻ ይሆናል። እንዲሁም ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኀይል ዐሥር እጥፍ ይሆናል፤ ለጆሮ ግን እጥፍ ያህል የጨመረ መስሎ ይሰማል። ስለዚህ በ45 እና በ55 መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት መስሎ ሲታይ፥ በኀይል ግን የአንድና የዐሥር ያህል ነው። «ዐሥር ብቻ ነው ያለፍኩት» የሚል ሰው በእውነቱ ዐሥር እጥፍ አልፏል።

ርቀትም ድምፅን ይቀንሳል። ገላጣ በሆነ ስፍራ፥ ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቍጥር 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ለምሳሌ ወፍጮው በ2 ሜትር ርቀት ላይ 80 ዴሲቤል ቢሰማ፥ በ4 ሜትር 74፥ በ8 ሜትር 68፥ በ16 ሜትር 62፥ በ32 ሜትር 56፥ በ64 ሜትር 50፥ በ128 ሜትር ደግሞ 44 ይሆናል። ከዚህ ስሌት እንደሚታየው፥ ያለ ምንም ግድግዳና ጥንቃቄ የሚሠራ ወፍጮ በ32 ሜትር ላይ እንኳ ከመኖሪያ ሰፈር የቀን ልክ በአንድ ይበልጣል፤ የሌሊቱን ልክ ለመጠበቅ ግን ጎረቤቱ ከመቶ ሜትር በላይ መራቅ ይኖርበታል። በከተማችን ጎረቤት ከጎረቤት የሚለየው በብሎኬት አጥር ብቻ ስለ ሆነ፥ ርቀትን ተስፋ አድርጎ የሚቀመጥ ነጋዴ ተስፋው ከንቱ ነው። እንዲያውም በጠባብ መንገድ ላይ ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመለሰ ከስሌቱ ይበልጥ ሊሰማ ይችላል።

የሚለካውም በማሽኑ አጠገብ ሳይሆን ድምፁ በሚደርስበት ሰፈር ነው። የወፍጮ ሠራተኛ ጆሮውን ስለ ለመደው ድምፁ አይሰማውም፤ ሕግ ግን የሚጠይቀው የጎረቤቱን ጆሮ ነው። ስለዚህ ማንም ባለሥራ የራሱን ድምፅ ለማወቅ ቢፈልግ፥ ማሽኑን አስነሥቶ ወደ ጎረቤቱ ግቢ ሄዶ ያዳምጥ። ከዚያም ማሽኑን አስጠፍቶ እንደ ገና ያዳምጥ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የእርሱ ድርሻ ነው፤ የቀረው የመንገዱና የሰፈሩ ነው። በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚገኘው መለኪያ ግምት ይሰጣል እንጂ በፍርድ ቤት የሚያጸና ማስረጃ እንደማይሆን ማወቅ ያስፈልጋል። ጉዳዩ ሲከር በሚገባ የተስተካከለ የድምፅ መለኪያ መሣሪያ ባለው ባለሙያ ማስለካት ይገባል።

4ኛ. የቤት ባለቤት ኀላፊነት

«ያከራየሁት ቤት ነው እንጂ ድምፅ አይደለም» የሚለው አነጋገር ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም በሕግ ፊት ጠንካራ መከላከያ አይደለም። 1225ኛው አንቀጽ የሚናገረው በቀጥታ ለባለቤቱ ነው። ከዚህም በላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ2028ኛው አንቀጽ በጥፋቱ በሌላ ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ሲያዝ፥ በ2035ኛው አንቀጽ ደግሞ በሕግ በግልጽ የተደነገገውን የጣሰ ሰው ጥፋተኛ መሆኑንና ሕግን አለማወቅ ይቅርታ እንደማያሰጥ ይገልጻል።

ስለዚህ ቤቱን ለንግድ የሚያከራይ ሰው ከቤት ኪራዩ ልክ አስቀድሞ ጥቂት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይኖርበታል። ተከራዩ ምን ዓይነት ማሽን ያስገባል? በየትኛው ሰዓት ይሠራል? ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ጀነሬተር ያስነሣል ወይ? ጀነሬተሩስ ከየትኛው ጎረቤት መስኮት ፊት ለፊት ይቀመጣል? ለድምፅ መከላከያ የሚወጣውን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው? እነዚህ ነገሮች በውሉ ላይ በግልጽ ከተጻፉ፥ ተከራዩም አስቀድሞ ወጪውን አስልቶ ይገባል፤ ባለቤቱም ጎረቤት ሲመጣበት የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል። የሥራ ሰዓት የሚወስን፥ ልኩ ታልፎ አቤቱታ ሲመጣ ተከራዩ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲያስተካክል የሚያስገድድና ባያስተካክል ውሉ እንዲቋረጥ የሚፈቅድ ሦስት መስመር ጽሑፍ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ክርክርን ያስቀራል።

ለመኖሪያ የሚሆን ቤት የሚገዛም ሆነ የሚከራይ ሰው ቤቱን በቀን ብቻ አይቶ መወሰን የለበትም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ፥ በቅዳሜ ማታም አንድ ጊዜ ሄዶ በግቢው ቆሞ ማዳመጥ ይገባዋል። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖርም ከሆነ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አስቀድሞ ያንብብ። ስለ ጀነሬተር፥ ስለ ሙዚቃና ስለ ቤት ዕድሳት ሰዓት የተጻፈ ነገር ከሌለ፥ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሐሳብ አቅርቦ እንዲጻፍ ማድረግ የማንኛውም ባለቤት ፋንታ ነው።

5ኛ. የአቤቱታ መንገድ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረጠው መንገድ መነጋገር ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው፥ ነገ በለቅሶና በሠርግ የሚገናኙ ሰዎች በመጀመሪያ ቀን በፍርድ ቤት መገናኘት አይገባቸውም። እናቲቱ ወደ ነጋዴው ሄዳ በለዘበ ቃል መናገርዋ ትክክል ነበር። በዚያ ካልተስማሙ በሰፈር ሽማግሌ ወይም በእድር ሹም ፊት መነጋገርና የተስማሙበትን ሰዓት በወረቀት ማስፈር ሁለተኛው ደረጃ ነው።

ይህም ካልረዳ ሕጉ የሚሰጠው መንገድ አለ። በአዋጅ ቍጥር 300/1995 በ11ኛው አንቀጽ መሠረት፥ ማንኛውም ሰው የራሱ የተለየ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፥ በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በአዲስ አበባም የከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ለዚህ ተቋቁሟል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፥ ወይም አቤት ባዩ በተሰጠው ውሳኔ ካልተደሰተ፥ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል። እነዚህ ሁለት ቍጥሮች ሊዘነጉ አይገባም፤ ሌላው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ጊዜው ስላለፈበት መብቱን ያጣ ሰው ጥቂት አይደለምና።

አቤቱታው እንዲጸና ማስረጃው የተስተካከለ መሆን አለበት። አቤት ባዩ ድምፁ የተሰማበትን ቀን፥ የጀመረበትንና የቆመበትን ሰዓት፥ ያስከተለውን ጉዳት በአንድ ደብተር ላይ በየቀኑ ይጻፍ። «ሁልጊዜ ይጮኻል» ከሚለው አሥር ገጽ አቤቱታ ይልቅ፥ የሁለት ሳምንት ቀንና ሰዓት የያዘ አንድ ገጽ ዝርዝር የበለጠ ክብደት አለው። ሌላ ጎረቤት በምስክርነት ቢፈርምበት ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል።

ነዋሪውም በበኩሉ ግዴታ እንዳለበት አይርሳ። ሕጉ ነጋዴውን ብቻ አይመለከትም። ሌሊቱን ሁሉ የሚጮኽ ውሻ፥ ከልክ በላይ የተከፈተ ሙዚቃ ወይም በእኩለ ሌሊት የሚካሄድ የቤት ዕድሳት የነዋሪው ድምፅ ነው። የሌላውን ድምፅ የሚከስ ሰው በመጀመሪያ የራሱን ግቢ ያዳምጥ።

6ኛ. ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባ

ነገሩን ቸል ማለት የሚያስከትለው ጉዳት ከቅጣት ገንዘብ የሚበልጥ ነው። አዋጅ ቍጥር 300/1995 በ3ኛው አንቀጽ፥ አንድ ሥራ ለሰው ጤና ወይም ለአካባቢ አደጋ የሚያስከትል ሲሆን መሥሪያ ቤቱ ጉዳቱን ለመከላከል ድርጅቱን እስከ መዝጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ ማዛወር የሚደርስ እርምጃ እንዲወስድ ሥልጣን ሰጥቶታል። የአካባቢ ተቈጣጣሪም አስቀድሞ ሳያስታውቅና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዝ፥ ተገቢ በመሰለው ጊዜ ወደ ማንኛውም ቦታ መግባት እንደሚችል አዋጁ ይገልጻል። ተቈጣጣሪ በሚመጣበት ጊዜ ነጋዴው በአክብሮት ይቀበለው፤ መታወቂያውንም ይጠይቅ፤ የተነገረውንና የተለካውን ይመዝግብ። በተወሰደው እርምጃ ያልተደሰተ እንደሆነም ለመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ፥ ቀጥሎም ለፍርድ ቤት አቤት የማለት መብት እንዳለው ይወቅ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ድምፅን ከምንጩ መቀነስ ርካሹ መንገድ ነው። ይኸውም በሦስት ይከፈላል።

መጀመሪያ፥ ማሽኑን ማደስ ነው። ያረጀ ኩሽኔታ፥ የላላ ቺንጋ፥ የተቀደደ ማርሚታ እነዚህ ሁሉ ትርፍ ድምፅ ይፈጥራሉ። ጥገናው ድምፁን ከመቀነሱም በላይ የማሽኑን ዕድሜ ያራዝማል።

ሁለተኛ፥ ንዝረትን መቍረጥ ነው። በቀጥታ በሲሚንቶ ወለል ላይ የታሰረ ሞተር ንዝረቱን ወደ ግድግዳው ያስተላልፋል፤ ግድግዳውም እንደ ከበሮ ሆኖ ወደ ጎረቤት ያደርሰዋል። በሞተሩና በወለሉ መካከል ወፍራም ጎማ ማስቀመጥ፥ ማሽኑንም ከጋራ ግድግዳ ማራቅ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ይረዳል።

ሦስተኛ፥ መክበብ ነው። ቆርቆሮ ብቻ የለበሰ ቤት ድምፅን አያስቀርም። ከባድ ግድግዳ፥ በውስጡ ድምፅ የሚመጥጥ ነገር የተለጠፈበት ጣሪያና በደንብ የሚዘጋ በር ያስፈልጋል። የአየር ማስገቢያው ቀዳዳም ከመኖሪያው ተቃራኒ አቅጣጫ መሆን አለበት። ግድግዳ ሁሉ ተሠርቶ አንድ ቀዳዳ ወደ ጎረቤቱ መስኮት ተከፍቶ ቢቀር፥ የወጣው ወጪ ግማሹ በዚያ ቀዳዳ ይወጣል። ሆኖም ማሽኑ ሙቀት ስለሚፈጥር አየር ፈጽሞ እንዳይዘጋበትና አደጋ እንዳይደርስ በባለሙያ ማሠራት ያሻል።

ለአስመጪዎችም የሚጠቅም አንድ ነገር በአዋጁ ውስጥ ይገኛል። በ10ኛው አንቀጽ፥ ብክለትን ለመቈጣጠር ከውጭ የሚመጣ አዲስ መሣሪያ በመሥሪያ ቤቱ ሲረጋገጥ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ እንደሚሆን ተጽፏል። ይህ በራሱ የሚገኝ ሳይሆን ማረጋገጫ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና ከጉምሩክ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

አሁን ወደ ወፍጮው ቤት እንመለስ። ሦስቱ ሰዎች ሕጉን ካወቁ በኋላ እንደ ገና ቢገናኙ ንግግራቸው ይለወጣል። እናቲቱ «ወፍጮው ይዘጋ» ሳትል፥ «ከሦስት ሰዓት በኋላ አይሠራ፤ ቀንም ድምፁ ይቀነስ» ትላለች። ነጋዴው የደንበኞቹን እህል አስቀድሞ እየተቀበለ፥ መብራት ባለበት የቀን ሰዓት በአንድነት ይፈጫል፤ ሞተሩን በጎማ ላይ ያስቀምጣል፤ ወደ አጥሩ የተከፈተውን መስኮት በብሎኬት ይደፍናል፤ በሌላው በኩልም የአየር መውጫ ያወጣል። የቤቱ ባለቤትም የመስኮቱን ሥራ ወጪ ከኪራዩ ላይ ቀስ በቀስ እንዲታሰብ ይስማማሉ፤ በሚቀጥለውም ውል ላይ የሥራውን ሰዓት ያሰፍራሉ። ነጋዴው አንዳንድ ማታ የሚያገኘውን ገቢ ያጣል፤ ይህ እውነት ነው፤ ሊሸሸግም አይገባም። ነገር ግን የማታውን ገቢ ሲተው ያተረፈው ፈቃዱን፥ ቦታውንና ደንበኞቹን ነው። ደንበኞቹም እነዚያው የተኙት ጎረቤቶች ናቸው።

ለመለማመጃ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በ4 ሜትር ርቀት ላይ 73 ዴሲቤል ቢሰማ፥ ገላጣ በሆነ ስፍራ በ16 ሜትር ላይ ስንት ይሆናል? በመኖሪያ ሰፈር የቀን ልክስ ያልፋል ወይስ አያልፍም? (መልስ፤ 61 ይሆናል፤ በ6 ያልፋል።)

2. አቤቱታ ያቀረበ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘ፥ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ስንት ቀን ቀርቶታል? (መልስ፤ 60 ቀን።)

3. አንባቢው አሁን ያለውን የኪራይ ውል አውጥቶ ይመልከት። ስለ ማሽን፥ ስለ ጀነሬተርና ስለ ሥራ ሰዓት የተጻፈ ነገር አለበት ወይ? (የዚህን መልስ የሚያውቀው አንባቢው ራሱ ነው፤ ካልተጻፈበት ውሉ በሚታደስበት ቀን ይጻፍ።)